ሁለት ጾም የሚጾምበት ቤት



በረመዳን ከተራዊሕ በኋላ ጥያቄ ይበዛብናል። አብዛኛው ስለ ጾም ነው፤ መርፌ ጾም ያፈርሳል ወይ፣ የምታጠባ እናት እንዴት ታድርግ፣ ቀዷ ያለባት ሴት ሸዋልን ታስቀድም ወይስ ቀዷዋን? ይህ ሁሉ ተመልሶ ሰዉ ከወጣ በኋላ ግን ጫማውን በእጁ እንደያዘ የሚቆይ ሰው አለ። «ሸኽ፣ ባለቤቴ ክርስቲያን ናት» ብሎ ይጀምራል። ወይም አንዲት እናት ሰው ትልክብናለች፤ «ልጄ ክርስቲያን አግብታለች፤ ለዒድ ልትመጣ ነው፤ በሬን ልክፈት ወይስ ልዝጋ?» የዛሬውን ጽሑፋችንን ለእነዚህ ሰዎች አድርገነዋል። በሰው ፊት ስለማይጠይቁ መልሱንም ሳይሰሙት ይቀራሉ።

ጉዳዩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ወሎን የሚያውቅ ሰው በአንድ አያት ሥር ሙስሊምም ክርስቲያንም የልጅ ልጅ ሲቆጠር ሰምቷል። ቅሬው አንድ ነው፤ ሬሳውን አብሮ ያነሳል፣ ለቀስተኛውን አብሮ ያስተናግዳል። ሠርግ ሲሆን የሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይጣዳል፣ በዚህ የሚቀየም የለም። ይሁንና ጉርብትናና ትዳር ለየቅል ናቸው። ጎረቤት ማታ ማታ ወደየድስቱ ይመለሳል። ባልና ሚስት ግን የሚመለሱበት ድስት አንድ ነው፤ ልጆቹም የሚበሉት ከዚያው ነው።

ድንጋጌውን እናስቀድም፤ በዚህ ማለባበስ ማንንም አይጠቅምም። በሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ ሙስሊም ወንድ ከመጽሐፉ ባለቤቶች መካከል ጨዋ የሆነችውን ሴት፣ መህሯን ሰጥቶ፣ በግልጽ ኒካሕ ማግባት ተፈቅዶለታል። ሙስሊም ሴት ግን ሙስሊም ያልሆነን ወንድ እንዳታገባ በሱረቱል በቀራ 221ኛው እና በሱረቱል ሙምተሒና 10ኛው አንቀጽ መሠረት ዑለማእ የተስማሙበት ጉዳይ ነው። ለወንዱም ቢሆን «ተፈቅዷል» ማለት «ይወደዳል» ማለት አይደለም። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ሑዘይፋ አይሁዳዊት ባገቡ ጊዜ እንዲተዋት ጽፈውላቸው እንደነበር ተዘግቧል። ሑዘይፋ «ሐራም ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሐራም ነው እንዳላሉ፣ ስጋታቸው ግን የሙስሊም ሴቶች እንዳይተዉና የሴቲቱ ጨዋነት ሳይጣራ እንዳይቀር መሆኑን ነገሯቸው። የሐነፊይም የማሊኪይም ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ጋብቻ ይጠላሉ፤ በአገራችን በሰፊው የሚከተሉት የሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ በክርስቲያኗ የዘር ሐረግ ላይ ሳይቀር ጥብቅ ሁኔታ ያስቀምጣል። እንግዲህ እናቱ ፊት ቆሞ «ቁርኣን ፈቅዶልኛል» የሚለው ወጣት ያነበበው ልክ ነው፤ ንባቡን እንዲጨርስ ግን እንመክረዋለን።

የአገሪቱ ሕግ ሌላ በር አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ለጋብቻ ዕድሜ የደረሱ ወንድና ሴት ያለ ሃይማኖት ልዩነት እንዲጋቡ መብት ይሰጣል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ተፈራርሞ መጋባት ይቻላል። ስለዚህ አንዲት ሙስሊም ልጅ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ክርስቲያን ብታገባ መንግሥት ያውቅላታል፤ እኛ ግን ኒካሕ ልናስርላት አንችልም። ይህን በግልጽ ለልጆቻችን መናገር ያለብን በ17 እና በ18 ዓመታቸው ነው። ቀለበቱ ከተገዛ በኋላ የሚነገር ድንጋጌ ጠብ እንጂ ትምህርት አይሆንም።

በዚህ መሐል አንድ የምንፈራው ነገር ገብቷል፤ ለሠርግ ሲባል የሚባል ሸሃዳ። ሐሙስ ሸሃዳ፣ ቅዳሜ ኒካሕ፣ ከዚያ በኋላ መስጊድ የለም፣ ሰላት የለም። ከሰው ልብ ውስጥ ያለውን መፈተሽ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ሸሃዳ ያለውን ሰው እንቀበላለን። አቡ ጦልሓ ኡሙ ሱለይምን (ረ.ዐ) ሊያገቡ በጠየቁ ጊዜ መህሬ እስልምናህ ነው አሏቸው፤ አቡ ጦልሓም ሰለሙ፣ ከታላላቆቹ ሰሓቦችም አንዱ ሆኑ። ስለዚህ በትዳር ምክንያት የመጣ እስልምና ሁሉ ባዶ ነው አንልም። የምንለው ለወላጆች ነው። ልጁን «ሸሃዳ በልና ውሰዳት» ብላችሁ የምትገፉት ከሆነ፣ ቀጥሎ ፋቲሓን የሚያስተምረው ማነው? ጁሙዓ አብሮት የሚሄደው ማነው? ከቤተሰቡ ሲገለል ሐዘኑን የሚካፈለው ማነው? አማቶቹ እዚህ ላይ ከሌሉ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየው ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ጭንቁ የሚወድቀው ነፍሰ ጡር በሆነችው ልጃችሁ ላይ ነው።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ።

በ2016 ዓ.ም ረመዳንና የክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ሰኞ፣ ጀመሩ። ብዙ ሰው ደስ አለው፤ «አገር በአንድነት ጾመ» ተባለ። ሁለቱም ጾም በአንድ ቤት የሚጾምባት ሚስት ግን የምታየው ሌላ ነው። የእሷ ጾም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት የ55 ቀን ጾም ነው። የእሱ ከፈጅር እስከ መግሪብ ውኃም የሌለበት፣ ከመግሪብ በኋላ ግን ወተቱም ሥጋውም የሚቀርብበት ነው። እሷ ከሰዓት በኋላ ጾሟን ፈታ ሽሮ ትበላለች፤ ከዚያ ለእሱ የሥጋ ሾርባ ትሠራለች፤ ጨው መጠኑን መቅመስ አትችልም። ሚያዝያ 2 ዒድ ሲሆን የእሷ ጾም ገና አልተፈታም ነበር። የባሏ ዘመዶች መጡ፣ በግ ታረደ፣ እሷ ስታስተናግድ ዋለች፤ ከበጉ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም። ዘመዶቹ «ለምን አትበላም? ንቃን ነው?» ሲሉ ባልየው ዝም ካለ፣ በዚያ ዝምታ የሚጎዳው ትዳሩ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «ጾም ላይ ናት።»

ይህን ችግር ያለ ፈትዋ የፈቱ ቤቶች አይተናል። በሁለቱ ጾሞች ሰሞን ኢፍጣሩን የጾም ያደርጉታል፤ ተምር፣ የምስር ሳምቡሳ፣ የአጃ ሾርባ ያለ ሥጋ፣ ዳቦ፣ ከሪቦ። ሁለቱም ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ሥጋ ያማረው ባል በሳምንት አንድ ቀን እናቱ ቤት ያፈጥራል፤ እናትየዋም ትደሰታለች። ሱሑር ላይ ሚስትን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ «ተነሺ ሥሪልኝ» ማለት ግን ደግ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግረዋል፤ ወተት ማፍላት የሚያቅተው ጾመኛ የለም።

የእርዱን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ሴቶቻቸውን የፈቀደው የማኢዳ አንቀጽ የመጽሐፉን ባለቤቶች ምግብም አብሮ ይጠቅሳል፤ በአገራችን ግን ቢላዋው የሃይማኖት መታወቂያ ሆኖ ኖሯል። በእኛም በእነሱም ዘንድ የሌላውን እርድ መብላት ከሃይማኖት እንደመውጣት ይታያል። በቢስሚላህ የታረደ የበላች ሚስት የነፍስ አባቷ ፊት ትጠየቃለች። ኒካሕ ለማሰር የሚመጡትን «ሥጋ በቤታችሁ እንዴት ሊሆን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ይስቃሉ፤ ከዓመት በኋላ ሲመጡ አይስቁም። የአረቄና የጠላ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ለፋሲካ ጠላ ይጠመቃል ወይስ አይጠመቅም የሚለው ከኒካሕ በፊት ሊነጋገሩበት የሚገባ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሰው ያፍርበታል፣ እኛም በጨዋ ቋንቋ እናልፈዋለን። በረመዳን ቀን ባልየው ጾመኛ ነው፤ ሚስቱ ባትጾም እንኳ ለእሱ ሐራም ነው፣ ከባዱ ካፋራም አለበት። ሌሊቱ ተፈቅዶለታል። ጥብቅ ክርስቲያን ሚስት ደግሞ በዐቢይ ጾም ሌሊቱንም ትታቀባለች። ሁለቱ ጾሞች ሲከታተሉ ጊዜው ይረዝማል። «መብቴ ነው» እያለ የሚመጣ ባል ያጋጥመናል። መብት እንዳለው እናውቃለን፤ ሚስቱ ኒካሕ ስታስር ሃይማኖቷን ይዛ እንደገባችም እሱ ያውቅ ነበር። ሃይማኖቷን እንድትተው ማስገደድ አይፈቀድለትም፤ እየነዘነዙ ማሳጣትም ከማስገደድ አይለይም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የልጆቹ ነው። በሸሪዓ ልጅ የሙስሊም አባቱን ሃይማኖት ይከተላል፤ በ7ኛው ቀን ዐቂቃ ይወጣለታል፣ ስም ይሰጠዋል። የእናትየዋ ወገን ደግሞ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ያስነሳል። በነዚህ ቀኖች መሐል ስንት ቤት ሲታመስ አይተናል! አያት ልጁን «ክትባት ላስከትበው» ብላ ወስዳ አስጠምቃ ትመልሳለች፤ አባት ከወራት በኋላ ፎቶ ያያል። ልጁም አባቱ ቤት አንድ ስም፣ አያቱ ቤት ሌላ ስም ይዞ ያድጋል። ጎበዝ ልጆች ናቸው፤ የት ምን እንደሚባል በ5 ዓመታቸው ያውቁታል። ለዚያ ቤት «ቢስሚላህ»፣ ለዚህ ቤት «በስመ አብ»። ወላጆቹ ይህን ሲያዩ ልጁ ተስማምቶት የሚኖር ይመስላቸዋል። 14 እና 15 ዓመት ሲሆነው ነው የሚታየው፤ ወይ ከሁለቱም ይሸሻል፣ ወይ አንዱን ይዞ ሌላውን ወላጁን ይጠላል።

አባቶችን በብርቱ የምንመክረው ልጅን ለመድረሳ አሳልፈው ሰጥተው ራሳቸው እንዳይቀሩ ነው። ልጅ ዲኑን የሚይዘው የሰላት ምንጣፍ ላይ የአባቱን ጀርባ እያየ ነው። ራሱ ሳይሰግድ «ልጆቼ ሙስሊም ናቸው» የሚል አባት ልጆቹን ለማን እንደተወ ያስብበት። ደግሞም የእናታቸውን ሃይማኖት በፊታቸው አያንቋሽሽ። በሱረቱ ሉቅማን 15ኛው አንቀጽ ወላጆች በአላህ እንዲያጋራ ቢታገሉት እንኳ ልጅ በዚያ እንዳይታዘዛቸው፣ በዱንያ ጉዳይ ግን በመልካም እንዲኗኗራቸው ታዟል። ልጃችሁ ይህን አንቀጽ ሲቀራ እናቱን ያስባል፤ እናንተ ከምትሰድቧት እናት ጋር በመልካም መኗኗርን እንዴት ይማር?

ስለ ሴት ልጆች ጥያቄ ወደላኩብን እናቶች እንመለስ። የልጅቱ ጋብቻ በሸሪዓ ያለው ፍርድ ከላይ የጻፍነው ነው፤ በርሽን ብትከፍቺም ብትዘጊም አይለወጥም። ዝምድና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) እናታቸው ገና ሳይሰልሙ መዲና ድረስ ሊጠይቋቸው መጡ። አስማእ ዝም ብለው አላስገቧቸውም፤ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ፤ ዝምድናሽን ቀጥይ ተባሉ። የነቢዩን ልጅ የዘይነብንም ታሪክ አስቡ። ባላቸው አቡል ዓስ በሽርክ ላይ ሆነው ከመካ ጋር ለበድር ወጡ፣ ተማረኩም፤ ዘይነብ ለማስፈቻ የእናታቸውን የኸዲጃን የአንገት ጌጥ ላኩ። ነቢዩ ጌጡን ሲያዩ ልባቸው ተነካ። አቡል ዓስ ዘይነብን ወደ መዲና ሊልኩ ቃል ገብተው ተፈቱ፣ ቃላቸውንም ጠበቁ። ባልና ሚስት ለዓመታት ተለያይተው ኖሩ፤ በኋላ አቡል ዓስ ሰልመው ዘይነብ ተመለሱላቸው። ድንጋጌው አልተጣሰም፤ ነቢዩም የዚያን ሰው ቃል ጠባቂነት አመስግነውታል፣ በሃይማኖት ስለተለየም አላዋረዱትም።

ለአራት ዓመት ልጇን ያላየች እናት እናውቃለን። ሰፈር ምን ይለኛል ብላ ነው። በዚህ ጊዜ የልጅ ልጅ ተወልዷል። ያ ሕፃን በአያቱ ቤት ኢፍጣር አላየም፣ አዛን ሲሰማ ዝም የሚል ሰው አላየም። በሩን መዝጋቷ ዲንን ለመጠበቅ ከሆነ፣ ዲን ከዚያ ልጅ ቤት የሚገባበት የቀረው በር ያ ነበር። «ግቢ ልጄ፤ ያደረግሽውን አልወደድኩትም፣ አንቺ ግን ልጄ ነሽ» ማለት ይቻላል። ሁለቱንም በአንድ አፍ ማለት ይቻላል።

ብዙ ቤቶች ፈጽሞ የማያስቡበትን ጉዳይ ለመጨረሻ አቆይተነዋል፤ ውርስ።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ሙስሊም ነው፣ ሚስቱ ክርስቲያን። 19 ዓመት ኖሩ፣ ሦስት ልጆች ወለዱ። እሱ መንገድ ላይ ሲሆን እሷ እንጀራ እየሸጠች ቤት ሠሩ፤ ካርታው በእሱ ስም ነው። ሰውየው በድንገት ሞተ። በሦስተኛው ቀን ወንድሞቹ ሰብሰብ ብለው «ክርስቲያን ሙስሊምን አትወርስም» አሉ። ሐዲሱ ትክክለኛ ነው፤ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል፤ ሙስሊምና ሙስሊም ያልሆነ አይወራረሱም። እሷ ሙስሊም ብትሆን ኖሮ ልጆች ስላሉ ስምንተኛ እጅ ይደርሳት ነበር። ወንድሞቹ ግን ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይዘው ቤቱን በሙሉ የሟች አደረጉት።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እኛም ተጠራን። መጀመሪያ የጠየቅነው «የሟች የሆነው የቱ ነው?» ብለን ነው። በአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። በሸሪዓም ሴት በገንዘቧ ያፈራችው የራሷ ነው፤ ባሏ አይወርሳትም በሕይወት ሳለች። የእንጀራዋ ገንዘብ ያለበት ግድግዳ የእሷ ነው። ሁለተኛ፣ መህሯን ጠየቅን። 20 ግራም ወርቅ ቃል ተገብቶላት ሳይሰጣት ኖሯል። ያልተከፈለ መህር ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ውርስ ከመከፈሉ በፊት ይወጣል፤ ክርስቲያን መሆኗ ይህን አያስቀረውም። ሦስተኛ፣ ልጆቹ የአባታቸው ወራሾች ናቸው፤ ወንድ ልጅ ስላለ ወንድማማቾቹ ራሳቸው ድርሻ የላቸውም። ይህን ሲሰሙ ከመካከላቸው ሁለቱ ተነስተው ወጡ።

ሴትየዋ ከቤቷ አልወጣችም። ነገር ግን ሟች በሕይወቱ ሳለ አንድ ወረቀት ቢጽፍ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ወሲያ ለወራሽ አይሆንም፤ ለማይወርስ ሰው ግን እስከ ሲሶ ይፈቀዳል። ክርስቲያን ሚስት ወራሽ ስላልሆነች የወሲያው በር ለእሷ ክፍት ነው ማለት ነው። የምእመናን እናት ሶፊያ (ረ.ዐ) ለአይሁዳዊ ዘመዳቸው ወሲያ እንዳደረጉ ተዘግቧል። በቁጥር እናስቀምጠው፤ የጋራው ግማሽ ለሚስት ወጥቶ፣ ዕዳና የቀብር ወጪ ተከፍሎ የሟች ንጹሕ ሀብት 1,200,000 ብር ቢሆን፣ እስከ 400,000 ብር ድረስ ለእሷ ሊናዘዝ ይችላል፤ የተቀረው 800,000 ለወራሾች ይከፈላል። በአገሪቱ የውርስ ሕግም ቢሆን ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም፤ ስለዚህ ወረቀቱ በሁለቱም በኩል ያስፈልጋል። በአራት ምስክሮች ፊት ተጽፎ፣ ተነብቦ ይፈረም፤ ከተቻለ ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተቋቋሙት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ ስለሆነ፣ «ቃዲው ያስተካክለዋል» ብሎ መተው አያዋጣም። ሙስሊም ልጆች ያሏት ክርስቲያን እናትም እንዲሁ ትጻፍ፤ ልጆቿ በሸሪዓ አይወርሷትምና።

የቀብሩም ነገር አለ። የቀደሙት ዑለማእ በዚህ ዓይነት ቤት ላይ ምን ያህል አስበው እንደነበር የሚያሳየን፣ ኢማም አሕመድ ከሙስሊም ባሏ ያረገዘች ክርስቲያን ብትሞት በሁለቱ መቃብሮች መካከል ትቀበር ማለታቸው ነው፤ ለእሷም ለፅንሱም ሲሉ። በተለምዶ ግን እሷ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ፣ እሱ ወደ ሙስሊም መቃብር ይሄዳሉ። ልጆቻችሁ ይህን ከእናንተ ይስሙት፤ በለቅሶው ቀን ከሌላ ሰው አይስሙት።

ለዘንድሮ ዒድ የሚሆን አንድ መልስ ቀርቷል፤ ዘካተል ፊጥርን ለስንት ሰው እናውጣ የሚለው። ባል ለራሱና በእጁ ላሉት ሙስሊም ልጆቹ፣ ዛሬ ማታ ለተወለደውም ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቁና፣ ማለትም ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ የሚሆን የአገሩን እህል ያወጣል። ለክርስቲያን ሚስቱ ማውጣት የለበትም፤ ይህ የሙስሊም ዒባዳ ስለሆነ ነው፣ እሷን ዝቅ ማድረግ አይደለም። ልብሷና ቀለቧ ግን እንደ ማንኛዋም ሚስት በእሱ ላይ ነው፤ ለልጆቹ የዒድ ልብስ ሲገዛ ለእሷም ይግዛ። እህሉም ሰዉ ለዒድ ሰላት ከመውጣቱ በፊት ከድኾች እጅ ይድረስ።